አራት ቀዳዳ

አራት ቀዳዳ ነው የሚያስፈልገኝ፤
ተቋራጭ አይደለሁ፣ ፎቅ አይጠብቀኝ።
አባቴ ባለፈው ሮብ ሌሊት ተነሥቶ፣
ከሻወሩ ደጃፍ እግሩ ውኃ አግኝቶ፣
ወደቀ።
«ምንም አልሆንኩም» አለ፣ ክርኑ ተልጦ።
ሐኪሟ ግን አዘዘች፣ ከክኒኑ አስበልጦ፦
«የሚይዘው ብረት ይመታ ግድግዳው ላይ።»

ግድግዳው! ግድግዳው የማን ሆነና ነው?
ጥቁር ድንጋይ ጠርቦ ራሱ የካበው፤
ዳልኬ ግንበኛው፣ ከዳውሮ መጥቶ፣
ኮቺ ሠፈር ቦታ በእጅ በእግር አግኝቶ፣
በአንድ ክረምት ያቆመው።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሚስማር ሲያጎብጥ ኖሯል፤
የሠርጌን ፎቶ እንኳ በገመድ ሰቅሏል።

ሄርማታ መርካቶ፣ ነዚፍ ሱቅ ገባሁ።
«ለድንጋይ ነው» አልኩት፤ ሦስት ትራፓኖ አየሁ።

አንደኛው ርካሽ ነው፣ ብርቱካን የመሰለ፣
ስሙ ከታወቀው ስም አንድ ፊደል የጎደለ።
በሩ ላይ ካለው ብሎኬት ገጠመው፤
ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጥርሱን እንዳመመው፤
ገባለት። ብሎኬት ምን አለው?
«ድንጋይስ?» አልኩት።
ነዚፍ አንጋጦ ጣራውን አየ፣ ከዚያ እውነቱን አወጣ፦
«የዚህ ምቱ ከትከሻህ ነው የሚመጣ።
ገፍተህ ገፍተህ ሲደክምህ እሱም ይደክማል።
ያኛው ግን ሆዱ ውስጥ መዶሻ አለው፤
አንተ ትይዘዋለህ፣ እሱ ይመታል።»

ሦስተኛውን አነሣሁት፣ እንደ ጥጃ አቅፌ፤
ሰባት ኪሎ። መለስኩት፣ ወገቤን ደግፌ።
በዚህ ከጀመርኩማ
ግድግዳውም አባቴም አብረው ይፈርሳሉ።

የቀረው መሐለኛው። ሁለት ኪሎ ተኩል።
ፑንታው ቁልፍ አይሻም፤ ጠቅ ብሎ ይገባል፤
ከገባ በኋላ እንደ ልጅ ጥርስ ይነቃነቃል።
«ተበላሽቷል» አልኩ።
«አትደንግጥ፣ ለመምታት ቦታ ይፈልጋል።»

ዋጋውን ነገረኝ። ዝም አልኩ።
ለአራት አካፈልኩት፤ አንዷ ቀዳዳ
የሩብ ወር ደሞዝ፣ ያውም የመምህር።
ሸምሱ ያከራያል፤ ገመዱ ግን በፕላስተር የታሰረ፣
ባለፈው ወር አንዱን ሠራተኛ የነዘረ።
ሰው ዕቃ ሊገዛ ልቡ ሲከጅል
ቀዳዳ ይፈጥራል፦
የመጋረጃው አለ፣ የመስታወቱ አለ፣
ለጎረቤት ለእማማ ዘነቡ መደርደሪያ፣
የሮቶው ቧንቧ ማሠሪያ…
አሥራ አንድ አደረስኳት። በአሥራ አንድ ሲካፈል
ዋጋው ሰው መሰለ።

ልሞክረው ስል መብራት ሄደ።
ነዚፍ ሳቀ። ጨለማ ውስጥ ያዝኩት፤
ክብደቱ ብቻ ነበር የሚያናግረኝ፤
ከመዶሻው ብዙም አይለይም፣
ከዚያ አባቴ ዕድሜ ልኩን ካነሣው።
ከፈልኩ።

እሑድ ጠዋት። አባቴ በርጩማ አስቀርቦ
ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ መዳፉን አስጠግቶ፣
በሽተኛ እንደሚዳብስ።
አንደኛው ቀዳዳ። ግራጫ ዱቄት ወረደ።
ሁለተኛው። ሦስተኛው። ምንም አልተናገረ፤
ፊቱ ብቻ ከድንጋዩ ጋር ነጣ።
ወደ አራተኛው ስሄድ፣ «ቆይ!» አለ።
«እዚያ ጋ አንድ ድንጋይ አግድም አስገብቻለሁ፤
የተናደድኩ ቀን ነበር። ፑንታህን ይሰብረዋል።
ሁለት ጣት ወደ ግራ።»
«በምን አወቅህ?» አላልኩትም።
ሁለት ጣት ወደ ግራ ሄድኩ። ገባ።

ፊሸሩን መታሁ፣ ቡሎኑን አጠበቅሁ።
ተነሥቶ ብረቱን ያዘ፤ አንዴ ሳበው፣
እንደገና ሳበው፣ ክፋት ባለው እጅ፣
ሌላ ግንበኛ የሠራውን እንደሚፈትሽ።
አልተነቃነቀም።
ከዚያ ዞሮ ማሽኑን አየው፣
«ስንት ገዛኸው?» አለኝ።
ግማሹን ዋሸሁት።
«ተታለሃል» አለ።